የአባቴ በገና በኮምፒውተር ላይ ለምን ሻከረ

አባቴ በ1983 ዓ.ም. ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጦ በገና ሲደረድር ራሱ በቴፕ የቀዳቸው ሁለት ካሴቶች አሉን። ሌላ ቅጂ የላቸውም። ባለፈው ዐቢይ ጾም ሁለቱንም ወደ ላፕቶፔ ቀድቼ ለእናቴ ከፈትኩላት፤ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ «ልጄ፣ አባትህ ሲደረድር ድምፁ እንዲህ አይሻክርም ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ወፍራሞቹ አውታሮች በተመቱ ቁጥር ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ይመስላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ቆሎ እንደሚንጣጣ ያለ ነገር ጣልቃ ይገባል። ምንጩን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሁለቱ ሳምንት የባከነው ድምፁ የት ላይ እንደሚበላሽ ሳላጣራ ማስተካከያዎችን በመነካካቴ ነው።

በገና ሲሆን ነገሩን የሚያከብድ አንድ ጠባይ አለ፤ መሣሪያው ራሱ ይነዝራል። በአውታሮቹና አውታሮቹ በሚያርፉበት ድልድይ፣ በበርኩማው፣ መካከል እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ስለሚገቡ፣ አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ይርገበገብና ያ የምናውቀው ጥልቅ ንዝረት ይወጣል። ያማከርኩት አንድ ጥገና ቤት ይህን ንዝረት ሰምቶ «ስፒከሩ ተቀዷል፣ ይቀየር» ብሎኝ ነበር። ልብ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የእንዝራው ንዝረት ከአውታሩ ጋር ተነሥቶ ከአውታሩ ጋር ቀስ እያለ ይከስማል፤ ብልሽቱ ግን ድምፁ እጅግ በሚጎላበት ቅጽበት ብቻ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል።

በመጨረሻ መንገድ ያሳየኝ ፈተና ወረቀትና እርሳስ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ድምፁ የተበላሸበትን ደቂቃና ሰከንድ ጻፍኩ፤ ከዚያም ያንኑ ፋይል እንደገና ከመጀመሪያው አጫወትኩ። መሻከሩ በ4ኛው ደቂቃ ከ12ኛው ሰከንድ ላይ በትክክል ተመልሶ መጣ፤ ፋይሉን ወደ ስልኬ ልኬ ላፕቶፑ ላይ በተጠቀምኩበት ኢርፎን ስሰማውም እዚያው ሰከንድ ላይ ነበረ። መንጣጣቱ ግን በየጊዜው ቦታ ይቀያይራል፣ በስልኬ ላይ ደግሞ ጭራሽ የለም። አንድ ብልሽት የመሰለኝ ነገር ለካ ሁለት ኖሯል፤ አንዱ በፋይሉ ውስጥ ተቀርጾ የቀረ፣ ሌላው ላፕቶፑ በማጫወት ላይ እያለ የሚፈጥረው።

ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍቼ 4፡12 ላይ አጉልቼ ስመለከት፣ እንደ ኮረብታ ክብ መሆን የነበረበት የሞገዱ ጫፍ በቢላ የተቆረጠ ያህል ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘሁት። ኮምፒውተር የሞገዱን ከፍታ የሚይዘው በቁጥር ነው፤ እንደ እኔው ባለ 16 ቢት ድምፅ ሊይዘው የሚችለው ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመጣው ሁሉ እዚያው ጣሪያ ላይ ይቆረጣል፣ ጆሮም ያንን ጠፍጣፋ እንደ መሻከር ይሰማዋል። የዊንዶውስን የመቅጃ መጠን ዝቅ አድርጌ እንደገና ስቀዳ ግን ጫፉ ዝቅ ባለ ቦታ ላይ ያው ጠፍጣፋ ሆኖ መጣ። የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ቴፑን ያገናኘሁት ከኢርፎን ቀዳዳው ወደ ላፕቶፑ ማይክ ቀዳዳ ነበር፤ የማይክ ቀዳዳ የተሠራው ከማይክራፎን ለሚመጣ እጅግ ደካማ ምልክት ስለሆነ፣ ከቴፕ የሚመጣው ብርቱ ምልክት ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት ከቀዳዳው ጀርባ ባለው ማጉያ ላይ ይቆረጣል። አንዴ የተቆረጠን ጫፍ ድምፁን በመቀነስ መመለስ አይቻልም፤ ያነሰ ጠፍጣፋ ብቻ ይሆናል። የተቆረጠውን ገምተው የሚሞሉ ማስተካከያዎች በኦዳሲቲ ውስጥ ቢኖሩም፣ ካሴቱ በእጅ እያለ በግምት መርካት ተገቢ አይመስለኝም።

መንጣጣቱ የጊዜ ጉዳይ ነበር። በሲዲ ደረጃ የተቀዳ ድምፅ በሰከንድ 44,100 ናሙናዎች፣ ማለትም የሞገዱ ከፍታ ልኬቶች፣ አሉት፤ ኮምፒውተሩ እነዚህን በትናንሽ ጭነት ከፋፍሎ ይልካል፤ ለምሳሌ 441 ናሙና የያዘ አንድ ጭነት የሚበቃው ለሰከንድ መቶኛ ብቻ ነው። ቀጣዩ ጭነት በሰዓቱ ካልደረሰ ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱም «ጧ» የሚል ድምፅ ሆኖ ይሰማል። መጀመሪያ ላይ ግራ የገባኝ ፕሮሰሰሩ ምንም ሳይጨናነቅ ይህ መከሰቱ ነበር። ሆኖም አንድ ድራይቨር (እንደ ዋይፋይ ያለ የኮምፒውተር ክፍልን የሚያሠራ ፕሮግራም) ፕሮሰሰሩን ለጥቂት ሚሊሰከንዶች ይዞ ሌላውን ሥራ ካስጠበቀ፣ ፕሮሰሰሩ በጠቅላላው ሥራ ፈት ቢሆንም እንኳ ድምፁ ይቆራረጣል። ዋይፋዩን አጥፍቼ ሳጫውት መንጣጣቱ ቆመ፤ ስከፍተው ተመለሰ። የዋይፋዩን ድራይቨር ካደስኩ በኋላ ተከፍቶም ቢሆን አልተመለሰም። በዚህ መንገድ ጥፋተኛውን ማግኘት ያልቻለ ሰው፣ ሌተንሲሞን የሚባለው ፕሮግራም የትኛው ድራይቨር እንደሚያዘገይ ያሳየዋል።

በፋይሉ ላይም በድራይቨሩም ላይ ችግር ሳይኖር ድምፅ የሚሻክርበት ሌላው የተለመደ ምክንያት ማጫወቻውን ከ100 በመቶ በላይ መክፈት፣ ወይም በኢኳላይዘር (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ለየብቻ በሚያስተካክለው) ቤዝ፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ፣ መጨመር ነው። በድምፅ መጠን መለኪያው በዴሲቤል 6 መጨመር የሞገዱን ከፍታ እጥፍ ማድረግ ማለት ስለሆነ፣ ቀድሞውኑ ወደ ጣሪያው የተጠጋ መዝሙር ይቆረጣል። ቤዙ እንዲጎላ የፈለገ ሰው ሌሎቹን ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ላፕቶፑን ከትልቁ ማጉያ ጋር ሳገናኘውም የሚያጉረመርም ድምፅ ሰምቼ ነበር፤ ቻርጀሩን ስነቅል ጠፋ። ይህ የ50 ኸርዝ መብራታችን ድምፅ ነው፤ ሁለቱ ዕቃዎች በተለያየ ሶኬት በኩል ከመሬት መስመር ጋር ሲገናኙ ይፈጠራል። ሁለቱንም በአንድ ኤክስቴንሽን ላይ መሰካት ለእኔ በቂ ሆነ። ጉርምርምታውን ለማጥፋት ብለው የሶኬቱን የመሬት እግር የሚቆርጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሕይወት ሊያጠፋ ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በመጨረሻ ላይን ኢን (እንደ ቴፕ ካለ ዕቃ ለሚመጣ ብርቱ ምልክት የተሠራ መግቢያ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ተውሼ፣ ከቴፑ የኋላ መውጫ ጋር አገናኝቼ፣ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 6 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል አድርጌ ሁለቱንም ካሴቶች እንደገና ቀዳሁ። በማግሥቱ ምሽት ለእናቴ ከፈትኩላት። 4፡12 ላይ ወፍራሙ አውታር ተመታ፣ እንዝራው ነዘረ፣ ንዝረቱ ቀስ እያለ ከሰመ፤ ከሥሩም ከዚህ በፊት በመሻከሩ ተሸፍኖ የነበረው የአባቴ ትንፋሽ ተሰማ።