ደብዛዛ ብርሃንና ቀዝቃዛ ውሃ የሚችሉ የአኳሪየም ተክሎች፦ ከሱሉልታ እስከ አቃቂ

ከአዲስ አበባ ዳር ዳር ባለ ቤት ለአኳሪየም (ዓሣ ለሚኖርበት የመስታወት ገንዳ) ተክል ሲመረጥ፣ ከመብራቱ በፊት መታየት ያለበት ቴርሞሜትሩ ነው። «ቀላል» እየተባሉ የሚዘረዘሩት ተክሎች አብዛኞቹ 24 ወይም 25 ዲግሪ ውሃ ታስቦ የተመከሩ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ሱሉልታና ሆለታ አካባቢ የውጭው አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የሌለው ውሃም ጠዋት ላይ 17 ወይም 18 ዲግሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አቃቂና ገላን ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ትንሽ ይሻላሉ። ስለዚህ ተክል ከመግዛታችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት ውሃውን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩልና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ለኩ። ምርጫችሁን የሚወስነው የጠዋቱ ቁጥር ነው።

የጠዋቱ ቁጥር ከ20 በታች ከሆነና ሂተር የማይገዛ ከሆነ፣ ጃቫ ሞስ (ድንጋይና እንጨት ላይ የሚለጠፍ፣ ቅጠሉ ጥቃቅን የሆነ ተክል) እና ሆርንዎርት ይቅደሙ። ሞስ እንዲያውም ከሞቃት ይልቅ ቀዝቀዝ ባለ ውሃ ይስማማዋል። ሆርንዎርት ሥር የለውም፤ በእኛም ሐይቆች በተፈጥሮ ይገኛል። ውሃው ላይ ስለሚንሳፈፍ ወደ አምፖሉ ይቀርባል፣ ደብዛዛ ብርሃን የሚበቃውም በዚህ ምክንያት ነው። ወደ አዲስ ውሃ ሲዛወር ግን መርፌ መሳይ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ፊልተሩ እንዳይዘጋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ስፖንጁን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ያስፈልጋል። ጃቫ ፈርንም 18 ዲግሪን ይችላል፣ እድገቱ ብቻ ይዘገያል። አኑቢያስ በዚህ ቅዝቃዜ ቆሞ ይቀራል፤ ወቅቱ ካለፈ ቀጥሎ ያድጋል። ክሪፕቶኮሪን ግን ያለ ሂተር አይመከርም።

ሂተር ከታሰበ ደግሞ ዋቱን አትሰስቱበት። 60 በ30 በ36 ሴንቲሜትር የሆነ መስታወት ጠጠሩና ድንጋዩ ሲቀነስ 55 ሊትር ያህል ይይዛል። ለዚህ መጠን 50 ዋት ይበቃል የሚባለው ክፍሉ ሞቅ ያለ ሲሆን ነው። ክፍሉ 15 ዲግሪ በሚደርስበት ቤት 100 ዋት ይሁን፤ ልኩ 23 ላይ ይቀመጥ። 26 ላይ ማድረግ መብራት ይበላል፣ ኃይል ሲቋረጥም ውሃው የሚወርድበትን ርቀት ያሰፋዋል። ከመስታወቱ ጀርባና ሥር 2 ሴንቲሜትር ፎም ማድረግ ብዙ ሙቀት ያድናል።

ወደ ብርሃኑ እንምጣ። እዚህ ለተጠቀሱት ተክሎች ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) በቂ ነው። በየኤሌክትሪክ መሸጫው የሚገኝ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ብዙውን ጊዜ 800 ሉመን አካባቢ ይሰጣል፤ ለ55 ሊትር ሲካፈል 15 ገደማ ይመጣል። ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ነጭ ብርሃን ያለውን ምረጡ። ከረፋዱ 5 ሰዓት አብርቶ ማታ 1 ሰዓት ማጥፋት 8 ሰዓት ይሆናል፤ አዲስ አኳሪየም ግን የመጀመሪያውን ወር በቀን ለ6 ሰዓት ብቻ ቢበራለት አልጌ አይቀድመውም።

የመስኮት ፀሐይን በአምፖል ምትክ አትቁጠሩ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ ደግሞ ቦታዋን ትቀይራለች። ከመስከረም እስከ መጋቢት በደቡብ በኩል ስለምታልፍ፣ በክረምት ጥላ የነበረ የደቡብ መስኮት በታኅሣሥ ሙሉ ጨረር ይገባበታል። ብዙ ሰው «ምንም ሳልነካው አረንጓዴ ሆነብኝ» የሚለው በዚህ ወቅት ነው። የታኅሣሡን ጨረር አስባችሁ ቦታውን ምረጡ፣ ወይም በስተጀርባው ወፍራም ካርቶን ለጥፉ።

አተካከል ላይ ብዙ ተክል የሚሞተው በአንድ ነገር ነው። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን አግድም የሚሄድ ወፍራም ግንድ አላቸው፤ ሥሩም ቅጠሉም የሚወጣው ከእሱ ነው። ይህ ግንድ ጠጠር ውስጥ ከተቀበረ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉም ከነአገዳው ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ስትገዙ ግንዱን በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ጤነኛው ጠንካራና አረንጓዴ ነው፣ የለሰለሰና የሚሸት ከሆነ ተዉት። ቤት የደረሰው ላይ ትንሽ ብስባሽ ካለ በንጹሕ ምላጭ እስከ ጤናማው ክፍል ድረስ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከዚያ በጥጥ ክር ድንጋይ ላይ እሰሩት፣ ወይም በሱፐር ግሉ ሁለት ጠብታ አጣብቁት፤ ግሉው ውሃ ሲነካው ነጭ ይሆናል እንጂ ከደረቀ በኋላ ዓሣውን አይጎዳም።

ተክሉ ለሚታሰርበት ድንጋይ ከግንባታ የሚተርፈው ሬድ አሽ (ቀዳዳማ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ግሩም ነው፤ ቀዳዳው ሥሩን ይይዛል። ስለታም ጠርዙን እርስ በርስ አፋጭታችሁ አለስልሱ፣ አጥባችሁም አቼቶ አንጠብጥቡበት። አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፤ የውሃውን ጥንካሬ ስለሚጨምር ተዉት። የወንዝ ጠጠርም በዚሁ መንገድ ይፈተናል። እንጨት ከተፈለገ በደንብ የደረቀ የወይራ ወይም የቡና ጉማጅ ቀቅላችሁ፣ እስኪሰጥም ዘፍዝፉ። ባሕር ዛፍና ጥድ ዘይትና ሙጫ ስላላቸው አይሆኑም።

ክሪፕቶኮሪን በተቃራኒው ሥሩ 4 ወይም 5 ሴንቲሜትር አሸዋ ይፈልጋል። ከተተከለ በኋላ ባሉት ቀናት ቅጠሉ ሊሟሟ ይችላል፤ ይህን ያዩ ሰዎች ሞተ ብለው ነቅለው ይጥሉታል። አትንቀሉት። የሟሟውን ቅጠል ብቻ ቆርጣችሁ አውጡ፤ ሥሩ ጠንካራ ከሆነ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ቡቃያ ይወጣል። እንዲሟሟ የሚያደርገው የቦታ፣ የሙቀት ወይም የውሃ ድንገተኛ ለውጥ ነው። የሮቶ ውሃ ጠዋት በጣም ስለሚቀዘቅዝ፣ በየሳምንቱ ሩቡን ስትቀይሩ የሚጨመረውን በፈላ ውሃ አስተካክሉ፤ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ አይለፍ። ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ቀድሞ ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን ይደር።

የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ ከለገዳዲ ግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ቫሊስኔሪያ (ቅጠሉ እንደ ሪባን ረዥምና ቀጭን የሆነ ተክል) ጨምሩ፤ እንዲህ ያለ ውሃ ይስማማዋል። ጎልድፊሽ ካለ ግን ቫሊስኔሪያውን ይግጠዋል፤ ከጎልድፊሽ ጋር የሚኖሩት ቅጠላቸው የሚደድረው አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ናቸው።

ቀንድ አውጣ ይዞ እንዳይገባ፣ ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና 1 እጁን በ19 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አኑቢያስና ጃቫ ፈርንን ከ2 ደቂቃ ላልበለጠ ጊዜ ንከሩ፣ ወዲያው በብዙ ውሃ አጠቡ። ሞስ፣ ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ ይህን አይችሉም።

በሁለተኛው ወር አካባቢ የሚታየውን እንዲህ አንብቡት። በመስታወቱ ላይ የሚወጣው ቡናማ አቧራ መሳይ ነገር በአዲስ አኳሪየም የተለመደ ነው፤ በጨርቅ ይጠረጋል፣ በራሱም ይቀንሳል። በአኑቢያስ ቅጠል ጠርዝ ላይ ጥቁር ጸጉር መሳይ አልጌ ከመጣ ብርሃኑ በቀን ከሚበራበት ጊዜ 2 ሰዓት ቀንሱ፣ የተበላሸውን ቅጠል ቁረጡ። የጃቫ ፈርን አሮጌ ቅጠል ሥር በረድፍ የሚታየው ቡናማ ነጥብ በሽታ አይደለም፤ መራቢያው ነው። በአሮጌ ቅጠል ላይ ትንንሽ ቀዳዳና ቢጫነት ሲታይ ብዙ ጊዜ ፖታሲየም አንሶታል፣ አዲሱ ቅጠል ከነጣ ደግሞ ብረት።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንናገረው አለ። ከማሳ የተረፈ ዩሪያ ወይም ዳፕ ቁንጣሪም ቢሆን አትጨምሩ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጥና ዓሣውን ይገድላል። የዳፕ ናይትሮጅንም ራሱ አሞኒየም ነው፤ ፎስፎሩ ደግሞ አልጌውን ይቀልበዋል። እነዚህ ተክሎች የዓሣው ኩስ ይበቃቸዋል፤ ክሪፕቶኮሪን ብቻ ሥሩ አጠገብ ለአኳሪየም የተሠራ የማዳበሪያ እንክብል ቢቀበርለት ይጠቀማል።

መብራት በጠፋ ቀን ተክሉ ምንም አይሆንም፤ በማግስቱ ለማካካስ ለ12 ሰዓት አታብሩ። የሚያሽከረክሩት ታይመር ካላችሁ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይቆማል፣ በጠፋበት ሰዓት ልክም ወደ ኋላ ይቀራል። ጥቂት ጊዜ ከጠፋ በኋላ አምፖሉ እኩለ ሌሊት ላይ ሲበራ ታገኙታላችሁ፤ በየእሁዱ ሰዓቱን አስተካክሉ።

ከአባ ሳሙኤል ግድብ ወይም ከቆቃ እምቦጭ ይዞ መምጣት አይገባም። ብርቱ ፀሐይ ስለሚፈልግ ቤት ውስጥ ይጠወልጋል፤ ሲጣል ደግሞ ሌላ ውሃ ይወራል። ከአቃቂ ወንዝም ተክል አትልቀሙ፣ ውሃው ብክለት አለበት። የተቆረጠ ሆርንዎርትና ሞስ ወደ ቦይ አይፈስስም፤ ቆርቆሮ ላይ አስጥታችሁ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከጓሮው ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉት።