ሞተሩ ታደሰ፣ መኪናዋ ግን እምቢ አለች

ቅዳሜ ማታ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የጓደኛዬ ጋራዥ ውስጥ ተበትኖ የከረመው ሞተር በመጨረሻ ቦታው ገባ። የቀረችውን አንዲት ቡሎን አጠበቅኩ፣ እጄን በጨርቅ ጠረግኩና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) "እ... እ... እ..." አለ። ከአልጋው መነሳት እንዳቃተው ሽማግሌ አቃሰተና ዝም።

ጓደኛዬ ቡናውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ምንም አላለም። ፊቱ ግን ብዙ ተናገረ።

መኪናዋ የ1992 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት። ከአሜሪካ ውጪ በብዙ አገር ኤምኤክስ-5 ነው የሚሏት። ሁለት ወንበር፣ የሚታጠፍ ጣሪያ፣ ጉልበቷ ከኋላ ጎማ። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳያት። የእኔዋ ባለ 1.6 ሊትር ናት፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 116 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ዛሬ ተራ ካምሪ ጥሏት ይሄዳል። ግን ክብደቷ አንድ ቶን ገደማ ብቻ ነው። ኩርባ ላይ ስትገባ ለምን እንደምትወደድ ይገባሃል።

እዚሁ ቨርጂኒያ ነው በርካሽ የገዛኋት። የረከሰችበት ምክንያት ከኋላዋ ይታይ ነበር፦ ሰማያዊ ጭስ። ዘይት ትበላለች። ሞተሩን አወረድኩት። ብሎኩ ማሽን ሾፕ ሄዶ ግማሽ ሚሊሜትር ተቦረሸ፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) ተላገ፣ አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ሪንግ፣ አዲስ ብሮንዚን (ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት) ገባ። የገጠምኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሳለሁ ተክለሃይማኖት አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ክረምት ሠርቻለሁ። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ዕቃ በጋዝ ማጠብ ነበር ሥራዬ። ግን ዓይን ይሰርቃል።

ወደዚያች ቅዳሜ ልመለስ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባትሪውን ነው። የሚያታ ባትሪ ኮፈን ስር ሳይሆን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው ያለው። ቻርጅ አደረግኩት፣ ያው ነው። አዲስ ገዛሁ፣ ያው ነው። ሞተሪኖው ሞቷል ብዬ ልፈታው ሳጎነብስ እጄ የነዳጅ መስጫውን ገመድ ነካ። ይፋጃል! ሞተሩ እኮ ገና አልተነሳም። ምን አገኘውና ጋለ?

እዚያው ተቀመጥኩ። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። ሞተሩ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ የጎማ ትራስ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው መመለሻው፣ ወፍራሙ የማሳ (ግራውንድ) ገመድ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሪኖው የሚጎትተው ያ ሁሉ ኃይል ያገኘውን ቀጭን ሽቦ ይዞ ይመለሳል። ያገኘው ደግሞ የነዳጅ መስጫዬን ገመድ ነው። ባትሪ ይዤ ስመላለስ የማሳው ገመድ ካምቢዮው ጎን ተንጠልጥሎ ቁጭ ብሏል። ሳወርድ ፈትቼው፣ ስገጥም ረስቼዋለሁ።

ይሄን ቮልት መለኪያ በአንድ ደቂቃ ይነግረኝ ነበር። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማስዞር። በኋላ ለማረጋገጥ ገመዱን ደግሜ ፈትቼ ስለካው ከ2 ቮልት በላይ ነበር። ስመልሰው ከ0.2 በታች ወረደ። መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እኔ ግን አዲስ ባትሪ ልገዛ ሄድኩ።

ሞተሪኖው አሁን እንደ ጉድ ይሽከረከራል። ከማስነሳቴ በፊት ግን ዘይቱ በየቦታው መድረስ ነበረበት። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፣ ሞተሩ የት እንደደረሰ ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን የካም አንግል ሴንሰር ሶኬት ነቀልኩ፤ እሱ ሲነቀል እሳትም ቤንዚንም የለም። የዘይት ግፊቱ መርፌ ከዜሮ እስኪነሳ ድረስ እያረፍኩ አሽከረከርኩ። እስከ 1994 ሞዴል ያሉት ሚያታዎች ላይ ይሄ መርፌ እውነተኛ ነው። ከ1995 ጀምሮ ያሉት ላይ ግን መርፌው ግፊት መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ መሃል ላይ ቆሞ ያስቅሃል።

ካንዴላዎቹን መልሼ ቁልፉን ሳዞር "ጧ!" አለ፤ በአየር ማስገቢያው በኩል ተኮሰ። ጓደኛዬ ቡናውን ደፋው። እዚህ ላይ አልቆይም፦ የካንዴላ ገመዶቹን አዛብቼ ሰክቼ ነው። እሳቱን የሚሰጠው ቦቢና ሲሊንደር 1ን ከ4፣ 2ን ከ3 ጋር አጣምሮ ነው የሚያስነሳው። ምልክት ያደረግኩበት ፕላስተር በዘይት ርሶ ተልጧል። ደግነቱ ከመፍታቴ በፊት በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ! የታደሰ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ የሚሰማህን ነገር ልነግርህ አልችልም። ደስታው ግን አምስት ሰከንድ ነው የቆየው። ቁልፉን ስለቀው ይንገዳገድና ይጠፋል። ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ እንደማደግ አንዴ ያስልና ድርግም።

ዋናው ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። አእምሮዬ ወዲያው የሮጠው ወደ ከባዱና ወደ ውዱ ነገር ነው። የቫልቮቹን መከፈት ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው የታይሚንግ ቺንጋ አንድ ጥርስ ዘሏል አልኩ። ራዲያተሩን አፈሰስኩ፣ ፑሊውን ፈታሁ፣ ሽፋኑን አወረድኩ። ቫልቮቹን በሚከፍቱት በሁለቱ ዘንጎች (ካሞች) ባለጥርስ ፑሊዎች ላይ ባሉት ምልክቶች መካከል 19 ጥርስ መኖር አለበት። ቆጠርኩ፣ 19። በሌላ ጣት ቆጠርኩ፣ 19። አንድ ቀን ሙሉ ሄደ። ቀጥሎ ማሽን ሾፑን መርገም ጀመርኩ፤ ቫልቮቹ በትክክል አልተቀመጡም፣ ሪንጉ ተሰብሯል። የኮምፕሬሽን መለኪያ ተዋስኩ። አራቱም ሲሊንደሮች ከ170 እስከ 178 ፒኤስአይ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ሰዎቹን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ስለቅም ነው የከረምኩት።

በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ኮፈን ስር ካለችው የመመርመሪያ ሳጥን ላይ ሁለት ቀዳዳ በአጭር ሽቦ አገናኘሁ። ኤፍ/ፒ ከምትለው ወደ ግራውንድ። ይሄ የነዳጅ ፓምፑን ሳያቋርጥ እንዲሠራ ያደርገዋል። ሞተሩ ተነሳ፤ እየተንገዳገደ፣ ግን አልጠፋም! ለምን እንዳልጠፋ አልገባኝም። እዚያ አዲስ አበባ ያለው የድሮ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። እዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ እዚያ ከሰዓት 9።

"ጋሼ፣ ይሄን ድምፅ ይስሙልኝ።"

"ስልኩን አስጠጋው። እ... ወዲህ ወደ ቱቦው። አንተ ልጅ፣ ይሄ አየር ይሰርቃል።"

"ታይሚንጉን አይቻለሁ፣ ኮምፕሬሽኑም..."

"እሱን ማን ጠየቀህ? የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈተው።"

"እየሠራ እያለ?"

"እየሠራ እያለ ነዋ!"

ከፈትኩት። ሞተሩ ምንም አልተለወጠም። "ምንም የለም" አልኳቸው። ሳቁ። "ጤነኛ ቢሆን ክዳኑ ሲከፈት ሊጠፋ ይደርስ ነበር። ምንም ካላለ ቀድሞውኑ ሌላ ቦታ ክፍት አለ ማለት ነው።"

ጋሼ ሚያታ የሚባል መኪና በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ግን የድሮ ቶዮታዎች ላይ ይሄን ዓይነት የአየር መለኪያ ሲፈቱ ኖረዋል። ሳጥን ነው፤ ውስጡ በስፕሪንግ የተያዘች ምላስ አለች። አየር ሲሳብ ምላሷ ትከፈታለች፤ ኮምፒውተሩም በከፈተችው ልክ ቤንዚን ይሰጣል። የእኔ ዓይነቱ 1.6 ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ተሰጥቷታል። ምላሷ ካልተከፈተች የነዳጅ ፓምፑ ይቆማል። ቁልፉ ተይዞ ሲዞር ፓምፑ በሌላ መስመር ኃይል ስለሚያገኝ ሞተሩ ይነሳል። ቁልፉ ሲለቀቅ ኃላፊነቱ ለምላሷ ይተላለፋል። አየሩ በሌላ ቀዳዳ ከገባ እሷ አትንቀሳቀስም፣ ፓምፑም ይቆማል። ሽቦዬ ሞተሩን ያቆየው ለዚህ ነው። "ምላሷን ሳያልፍ የሚገባ አየር ሁሉ ሌባ ነው" አሉ ጋሼ።

ሌባውን ፍለጋ ገባሁ። የዘይት መለኪያው ዘንግ በደንብ ገብቷል፤ እሱ እንኳ ላላ ቢል ሚያታ ታኮርፋለች። ትንንሾቹን የቫኩም ቱቦዎች አንድ በአንድ ነካሁ። ከአየር መለኪያው በሞተሩ ፊት ለፊት ዞሮ የሚሄደው ወፍራሙ የጎማ ቱቦ ከላይ ሲታይ እንደ አዲስ ነው፤ እኔው ነኝ አጥቤ ያብለጨለጭኩት። እጄን ከስሩ አሳለፍኩ። እጥፋቱ መሃል የሌባ ጣቴ ጫፍ ገባ። ሁለት ጣት የሚያህል ስንጥቅ፣ ልክ እንደተከደነ ከንፈር። ሞተሩ ዝም ሲል ይገጥማል። ነዳጅ ስሰጠው ሞተሩ ወደ ጎን ስለሚወዛወዝ ከንፈሩ ይከፈታል። ለዚህ ነው ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር የሚጠፋው።

ማን ሰነጠቀው? እኔ። ሞተሩን ሳወጣ ፈትቼ ማስቀመጥ ሲገባኝ ወደ ጎን አጥፌ በገመድ አስሬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎማ እንዲህ አይታጠፍም። በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ሽቦዋን ነቀልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳና ቀጥ ብሎ ቆመ። የዘይቱን ክዳን ስከፍተው አሁን ሊጠፋ ተንገዳገደ። እኔም ደስ ብሎኝ ሦስት ጊዜ ከፈትኩት። አዲሱ ቱቦ በሳምንቱ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው ወሽመጤን ቆርጠውታል። ከላይ "ጠክ ጠክ ጠክ" የሚል ድምፅ መጣ። ብሮንዚን ነው ብዬ ደነገጥኩ። ረጅም ካቻቢቴ ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሰማሁ። ታች ዝም ነው፣ የሚጮኸው ቴስታታው ላይ ነው። ቫልቮቹን የሚገፉት በዘይት የሚሞሉ ኩባያዎች ገና አየር አላቸው። ሞቆ ትንሽ ከተነዳ በኋላ ጠፋ። ሙቀቱ ደግሞ ሽቅብ ሲወጣ ማሞቂያው ቀዝቃዛ አየር ይነፋ ነበር፤ ውሃው ውስጥ አየር ታስሯል። አፍንጫዋን በክሪክ ከፍ አድርጌ፣ ክዳኑን ከፍቼ፣ አረፋው እስኪያልቅ ሞላሁ።

የእሳቱን ታይሚንግም (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት) በታይሚንግ መብራት አስተካከልኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ በዚያችው የመመርመሪያ ሳጥን ላይ ቲኢኤን የምትለውን ቀዳዳ ከግራውንድ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። አለዚያ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው የምታየው ቁጥር ውሸት ነው። 10 ዲግሪ፣ በ850 ዙር ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው) ላይ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የመጨረሻው ነው። ከ50 ማይል በኋላ ዘይቱን ለመቀየር ስር ገባሁ። (የዘይት ፊልትሩን እዚያ ቦታ ያስቀመጠው መሐንዲስ እጁ የሕፃን መሆን አለበት።) ሞተሩና ካምቢዮው የሚገናኙበት ቦታ ላይ የዘይት ጠብታ አየሁ። የክራንክ ሻፍቱ የኋላ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ)! እሱን ለመቀየር ካምቢዮው እንደገና መውረድ አለበት። መሬቱ ላይ ተንጋልዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ።

ከዚያ ራሴን ያዝኩ። ዘይት ወደ ላይ አይፈስም። ሁሉንም በብሬክ ማጽጃ አጥቤ አደረቅኩ፣ አሥር ደቂቃ ነዳሁ፣ ከታች ሳይሆን ከላይ በባትሪ መብራት አየሁ። ርጥበቱ የሚጀምረው ከቴስታታው ጀርባ፣ ከካም አንግል ሴንሰሩ ነው። እዚያ ያለችው የጎማ ቀለበት ደርቃ ዘይቱ በጀርባው ቁልቁል ይወርዳል። ከታች ያየው ሰው ሲል ነው ብሎ ይምላል። ቀለበቷ የጥቂት ዶላር ዕቃ ናት። ሴንሰሩን ከያዘው ቡሎን ጋር እየታገልኩ ስቀይራት፣ ሴንሰሩ የነበረበትን ቦታ በምስማር ምልክት አድርጌ ነበር። ታይሚንጉን ግን ደግሜ አየሁት። አሁን አምነዋለሁ የምለው ነገር ብዙ አልቀረኝም።

ማታ ከስሯ ካርቶን አነጠፍኩ። ጠዋት ስወጣ ካርቶኑ ደረቅ ነው። ጣሪያዋን አጥፌ፣ ሞተሯን አስነስቼ፣ ቪዲዮ ቀርጬ ለጋሼ ላክሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት መለሱልኝ።

"ድምጿ ጥሩ ነው። በርታ። ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ለሁለት ወንበር ነው? ሰርግ ብትጠራ ሙሽሮቹን ጭነህ አንተ የት ልትቀመጥ ነው?"