ፒኤልቢ ስትገዙ መጀመሪያ እጃችሁን አስቡ

በቀላል አውሮፕላን የሚበር ሰው ፒኤልቢ፣ ማለትም በኪስ የሚያዝ የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ፣ ሊገዛ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው ክብደት፣ የባትሪ ዕድሜና ዋጋ ነው። ከሦስቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ። ፒኤልቢ በራሱ አይነሳም። አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ፣ ኢኤልቲ፣ የግጭቱ ኃይል ሲሰማው ራሱን ያበራል፤ ፒኤልቢ ግን አንቴናውን ዘርግቶ ቁልፉን የሚጫንለት ሰው ይፈልጋል። ክንዱ የተሰበረ፣ በተገለበጠ ኮክፒት ውስጥ በቀበቶው የተንጠለጠለ ሰው መሣሪያውን አግኝቶ ሊያበራው ይችላል ወይ? ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

«ኢኤልቲ እያለ ይሄ ለምን?» ለሚል፦ የኢኤልቲው ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ጅራቱ ተጠግቶ ይቀመጣል፣ አንቴናው ከውጭ ይቆማል፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ገመድ ነው። አውሮፕላኑ ሲገለበጥ አንቴናው ይሰበራል፤ ጅራቱ ሲጎነደል ገመዱ ይበጠሳል፤ እሳት ከተነሳ ይቃጠላል፤ ከሰመጠ ምልክቱ ከውሃው አልፎ ሳተላይት ጋ አይደርስም። ለስለስ ያለ የግድ ማረፍ ደግሞ ማብሪያውን የሚቀሰቅስ ኃይል ላይኖረው ይችላል። ፒኤልቢ እነዚህን ክፍተቶች ይሞላል። ራሱን የሳተ ሰው ግን ፒኤልቢ ማብራት ስለማይችል፣ እዚያ ላይ ተስፋው ኢኤልቲው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ቢኖሩ እመርጣለሁ። ደንቡ ከአገር አገር ይለያያል፦ በአውሮፓ ለንግድ በማይበሩና ከ6 የማይበልጥ የመንገደኛ መቀመጫ ባላቸው አውሮፕላኖች ላይ ሰው የያዘው ፒኤልቢ በኢኤልቲ ፋንታ ይበቃል፤ በአሜሪካ ግን አይተካውም።

መሣሪያው በ406 ሜጋኸርዝ፣ በ5 ዋት ኃይል፣ በየ50 ሰከንዱ ገደማ ግማሽ ሰከንድ ያህል የሚቆይ ምልክት ኮስፓስ-ሳርሳት ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የፍለጋና የነፍስ አድን ሥርዓት ሳተላይቶች ይልካል። በ121.5 ሜጋኸርዝም ደካማ ምልክት አለው፤ ይኼኛው ለሳተላይት ሳይሆን የፍለጋ ቡድኑ ቀርቦ አቅጣጫ የሚይዝበት ነው። ሳተላይቶቹ 121.5ን መከታተል ያቆሙት የካቲት 1 ቀን 2009 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ በዚህ ድግግሞሽ ብቻ የሚሠራ አሮጌ መሣሪያ በነፃም ቢሰጣችሁ አትያዙት። ጂፒኤስ የሌለውንም አልመክርም። ያለ ጂፒኤስ ሳተላይቶቹ በዶፕለር ስሌት፣ ማለትም ሲያልፉ የምልክቱ ድግግሞሽ እንዴት እንደሚለወጥ በመለካት፣ የሚያገኙት ቦታ እስከ 5 ኪሎሜትር ሊስት ይችላል፤ ይህ ወደ 78 ካሬ ኪሎሜትር የሚጠጋ ክብ ነው። ጂፒኤስ ካለው ስህተቱ ወደ 100 ሜትር ይወርዳል።

አሁን ወደ እጁ እንመለስ። ሻጩ ምልክት የማያስተላልፍ የማሠልጠኛ ናሙና ካለው ጠይቁ። መቀመጫችሁ ላይ ታስራችሁ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ በግራ እጅ ብቻ ሞክሩት፤ ቀጥሎ በቀኝ ብቻ፤ በጓንት የምትበሩ ከሆነ በጓንት። አንዳንዱ አንቴና እንደ ሜትር ማስለኪያ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የብረት ጥብጣብ ነው፣ መጨረሻው ድረስ መሳብ አለበት፤ ሌላው በሣጥኑ ዙሪያ ታጥፎ በጣት ይነሳል። የማብሪያ ቁልፉ በስህተት እንዳይነካ ከአንቴናው ወይም ከክዳን ሥር ይደበቃል፣ ለጥቂት ሰከንዶችም ተጭኖ መያዝ ይፈልጋል። አንዱን እጅ ለመያዣ፣ ሌላውን ለመሳቢያ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሣጥኑን በጉልበት ወይም በጥርስ ይዞ መሳብ ይቻል እንደሆነ እዚያው እዩት። በዚህ ፈተና የወደቀ ሞዴል ክብደቱ የቱንም ያህል ቢያንስ አይረባችሁም።

በውሃ ላይ የምትበሩ ከሆነ «ይንሳፈፋል» የሚለው ቃል እንዳያሳስታችሁ። የኦሽን ሲግናል ፒኤልቢ1 116 ግራም ብቻ ነው፣ ባትሪውም 7 ዓመት ይቆያል፤ ለመንሳፈፍ ግን አብሮት የሚመጣውን ቦርሳ ይፈልጋል። የኤሲአር ሬስኪውሊንክ 400 148 ግራም ሆኖ ራሱ ይንሳፈፋል፣ የባትሪው ዕድሜ 5 ዓመት ነው። ቢንሳፈፍም መሣሪያው ከእጅ እንዳይጠፋ ይረዳል እንጂ ማስተላለፉን አያረጋግጥም። ጎኑ ላይ የተኛ አንቴና በሞገድ ይሸፈናል፤ ቀጥ አድርጎ ከውሃው በላይ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።

መያዣውን በተመለከተ አንድ ቦታ ብቻ አለ፦ ሰውነት ላይ። ከኋላ መቀመጫ በተቀመጠ ቦርሳ ውስጥ ያለ ፒኤልቢ ከአውሮፕላኑ ጋር ይቃጠላል ወይም ይሰምጣል። ዚፕ ያለው የደረት ኪስ፣ ወይም በሕይወት አድን ጃኬቱ ላይ፣ ከጃኬቱ ሥር ሳይሆን በላዩ፣ የታሰረ መያዣ ይሁን። ማሰሪያ ገመዱ ረዝሞ ስትወጡ በር እጀታ ላይ እንዳይጠለፍ ጠቅልሉት። ከዳሽቦርዱ በላይ በፀሐይ መተው ባትሪውን ይጎዳል።

ሞተር አየር ላይ ከጠፋ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አብርሩ፣ በሬዲዮ የአደጋ ጥሪውን «ሜይዴይ» በሉ፣ ለራዳር መለያ የሚልከውን ትራንስፖንደር በአደጋ ኮዱ 7700 ላይ አድርጉ፣ የኢኤልቲውን ማብሪያ ከፓነሉ ላይ አብሩ። ፒኤልቢ የመጀመሪያ ምልክቱን ለመላክ 50 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፣ በብረት ካቢን ውስጥም ምልክቱ ይታፈናል፤ መሬት ላይ የሚጠቀሙበት ዕቃ ነው። ከወረዳችሁ በኋላ ከአውሮፕላኑ አካል ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብላችሁ፣ ሰማይ በሚታይበት ቦታ አንቴናውን ቀጥ አድርጉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ በሣጥኑ ፊት ላይ የጂፒኤስ መቀበያው ያለበት ምልክት አለ፣ አውራ ጣት በቀላሉ ያርፍበታል። የተሸፈነ መቀበያ ቦታውን አያገኝም። ባትሪ ለመቆጠብ ብላችሁም አታጥፉት፤ በተለመደው ደረጃ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪም ሆኖ 24 ሰዓት እንዲሠራ የተሠራ ነው። አብሯችሁ ለሚበር መንገደኛም ከመነሳታችሁ በፊት የት እንዳለና እንዴት እንደሚበራ አሳዩት፤ እናንተ ባትችሉ የሚያበራው እሱ ነው።

ተጨማሪ ገንዘብ ካላችሁ የመልስ ምልክት በሚቀበል ሞዴል ላይ አውሉት። የአውሮፓ የአቅጣጫ መጠቆሚያ የሆኑት የጋሊሊዮ ሳተላይቶች ከጥር 2020 ጀምሮ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ምልክቱ መድረሱን ወደ መሣሪያው መልሰው ያሳውቃሉ፣ አንድ መብራትም ይበራል። መብራቱ ሄሊኮፕተር ተነሳ ማለት አይደለም፤ ግን የቆሰለ ሰው ካለበት ሳይንቀሳቀስ እንዲጠብቅ ያደርገዋል፣ ይህም ፍለጋውን ያቀላል። አገልግሎቱን ያልፈቀዱ አገሮች ስላሉ በምትመዘገቡበት አገር መሥራቱን አረጋግጡ። እንደ ጋርሚን ኢንሪች ያለው የሳተላይት መልእክት መሣሪያ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ በጎ ጎኑ እየበረራችሁ መንገዳችሁን በየጊዜው ስለሚልክ ማንም ቁልፍ መጫን ባይችል እንኳ የመጨረሻው ቦታ ይታወቃል። አንድ ብቻ ግዙ ብባል ፒኤልቢውን እገዛለሁ፤ ሁለተኛውን በዓመቱ እጨምራለሁ።

ያልተመዘገበ መሣሪያ ለፍለጋ ማዕከሉ ባለቤቱ የማይታወቅ ምልክት ነው። ባለ15 ፊደልና ቁጥር መለያውን ስታስመዘግቡ የአውሮፕላኑን መለያ፣ ዓይነትና ቀለም ጻፉ። ማዕከሉ መጀመሪያ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ የሰጣችሁትን ስልክ መደወል ነው፤ ስለዚህ ተጠሪያችሁ ያን ቀን ወዴት፣ ከስንት ሰው ጋር እንደበረራችሁ የሚያውቅ ይሁን። መለያው ውስጥ የአገር ኮድ ስላለ ከሌላ አገር የተገዛ መሣሪያ እንደገና ኮድ ሊሞላለት ይችላል፤ ያገለገለ ከገዛችሁም ምዝገባው ወደ እናንተ ይዛወር።

በመመሪያው መሠረት ራስን የመፈተሻ ቁልፉን በየወሩ ተጫኑ፤ የጂፒኤስ ፈተናው ባትሪ ስለሚበላ በዓመት አንዴ ይበቃል። በስህተት ካበራችሁት አጥፍታችሁ ወዲያው ለፍለጋ ማስተባበሪያ ማዕከሉ ደውሉ። ጊዜው ያለፈበትን መሣሪያ ከመጣላችሁ በፊት ባትሪውን አስወጡ፣ ምዝገባውንም አሰርዙ፤ ከቆሻሻ ክምር ውስጥ በርቶ ፍለጋ የሚያስነሳ መሣሪያ የታወቀ ችግር ነው።