ቆሬ ዋልን

ዛሬ ከግቢ ልጆች ጋር አዲስ አበባ ቆሬ ነበርን፣ የሥጋ ደዌ በሚታከምበት አለርት ሆስፒታል አካባቢ። ቤት ጠረግን፣ ልብስ አጠብን። አንዲት እናት ቡና አፈሉልን። ጀበናውን የሚያነሱት በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ነው፤ የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጎዳ ጣታቸው ሙቀት አይሰማውም፣ ቢቃጠሉ እንኳ የሚያውቁት ቁስሉን ሲያዩት ነው። «ጠጡ እንጂ ልጆቼ» አሉን። እሳቸው ከዳኑ ስንት ዘመናቸው! የገዛ ዘመዶቻቸው ግን ዛሬም ቡናቸውን አይቀምሱም። በጣም ነው ያናደደኝ። በሽታው እኮ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፣ ያውም በነፃ፣ ሕክምና የጀመረ ሰው ደግሞ ወዲያው ማስተላለፍ ያቆማል። ቆዳችሁ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

በሚቀጥለው ስንሄድ ለእግራቸው ቫዝሊንና ሰፋ ያለ ለስላሳ ጫማ እንወስዳለን። ያላችሁ በውስጥ መስመር አውሩኝ።