ፊትሽ ሞላ

ዛሬም ዝናቡ አላባራ አለ። ነሐሴ ጅማ ላይ እንዲህ ነው፤ አዌቱ ደፍርሶ ሞልቶ ይወርዳል፣ ባጃጅ እንኳ እንደልብ አይገኝም። እማዬ ፍልሰታን እየጾመች ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ እህል ቀመስ እንዳደረገች ምጣድ ጥዳ ገብስ መቁላት ጀመረች። የገንፎ ነው። ወደ ታናሼ የሚሄድ ሰው አግኝታለች። ስለ ገብሱ ሽታ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት።

ልቤ ግን ጀርመን ነው ያለው።

ታናሼ ሆስፒታል ከገባች ዛሬ አራተኛ ቀኗ። እርግዝናዋ ገና 33ኛ ሳምንቱ ነው። ግፊቷ 164 በ110 ደርሶ፣ ሽንቷ ላይ ፕሮቲን ተገኝቶ አስተኟት። ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። 140 በ90 ከደረሰ ጀምሮ ለነፍሰ ጡር ዝም እንደማይባል አሁን ነው የተማርኩት። እንዳያንቀጠቅጣት ማግኒዥየም በደም ሥሯ ሰጧት። "ውስጤ እሳት ነደደ" አለችኝ። ለልጁ ሳንባ ደግሞ ሁለት መርፌ ወጓት፣ በ24 ሰዓት ልዩነት። የሚያድናት መውለዱ ነው። ልጁ ግን ትንሽ ቀን ይፈልጋል። 34 እስኪሞላ እየለኩ ይጠብቃሉ፤ ከባሰባት አይጠብቁም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በቪዲዮ ደውላ ነበር። ስልኩን አስደግፋ ቀለበቷን ለማውጣት ትታገላለች። በሳሙና ሞከረች፤ እምቢ አለ። ክር ጠመጠመችበትና እያሽከረከረች በስንት መከራ አወጣችው። ቦታው ጣቷ ላይ ተሰርጉዶ ቀረ። እኔ ምን አልኩ? "ውይ ሲያምርብሽ! ፊትሽ ሞላ። ተመችቶሻል!" እማዬ ከኋላዬ እልል አለች። ቡና ልትጠጣ የመጣችው ጎረቤታችን "ማሻአላህ፣ ወንድ ነው" አለች።

ሰው አገር ያለ ሰው ሲወፍር ደስ ይለናል። እሷ የሄደች ሰሞን በጣም ከስታ ነበር። እማዬ ፎቶዋን እያየች ታለቅስ ነበር፤ "ምን ይሆን የምትበላው?" እያለች። ስለዚህ ጉንጯ ሲሞላ አለፈላት አልን። እፎይ ብለን ተኛን።

ራሴን ያመኛል ስትለኝ "ቡና ስለቀነስሽ ነው" አልኳት። የጅማ ልጅ ሌላ ምን ይላል? ከቀኝ ጎድኔ ሥር ይወጋኛል ስትል "ቃር ነው፣ ወተት ጠጪ" አልኳት። ለካ እብጠቱም፣ ራስ ምታቱም፣ ውጋቱም የዚሁ በሽታ ምልክት ነበር። እኔ ግን ለሁሉም መልስ ነበረኝ። እኔ ሁለት ወልጃለሁ፤ እሷ የመጀመሪያዋ ነው። የምትጠይቀው እኔን ነው። "እህቴ አይዞሽ ካለችኝ ምንም የለም" ብላ ባሏን ስታረጋጋ ሰምቻታለሁ። ይቺን ቃል ሳስባት ሆዴን ትቆርጠኛለች።

ያገኘባት አዋላጇ ናት። እዚያ አገር ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ደብተር አለ፤ ሙተርፓስ ይሉታል፤ ክብደቱም ግፊቱም በየቀጠሮው ይጻፍበታል። በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ መጨመሯን አየች። ግፊቷን ሁለቴ ለካች። ወደ ቤት አልሸኘቻትም። ሴትዮዋ የታናሼን የድሮ ፊት አታውቀውም። እኔ ከልጅነቷ ጀምሮ አጥቤዋለሁ፤ እያየሁት አላወቅኩትም።

ለእማዬ "ለምርመራ ነው የተኛችው" ብለናታል። መውለጃዋ የመስከረም መጨረሻ ስለሆነ ጊዜ ያለ ይመስላታል። ቀስ ብላ ነው የምትቆላው፣ ገብሱን እየለቀመች። "ማርያም በሽልም ታውጣት" ትላለች በየመሃሉ። እኔም አሜን እላለሁ።

አሁን ምጣዱን አወረደች። "እስኪ ደውይላት፣ ፊቷን ልየው" አለችኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነው። ታናሼ ከነእብጠቷ፣ ከነመርፌዋ ብቅ ስትል፣ እማዬ "ፊትሽ ሞላ" ብላ እልል ብትል ምን እላታለሁ?