«ዘንድሮ ዓመቱ ስንት ነው?» ወላጅ ነርሲንግ ሆም ሲገባ ልጅ የሚመረምረው

ከአገር ቤት የሚደውሉ ወዳጅ ዘመዶች የአሜሪካ ነርሲንግ ሆም (የአዛውንቶችና የሕሙማን መንከባከቢያ ቤት) ሲነሣ ከሁለት አንዱን ይላሉ። አንዱ ወገን «እናትን ለባዕድ ጥሎ መሄድ? ምን ዘመን መጣ!» ይላል። ሌላው ደግሞ «ምን ያስጨንቃችኋል፣ እዚያ እኮ መንግሥት ይቆጣጠራል» ብሎ ያጽናናል። ቁጥጥሩ በእርግጥ አለ፣ ጥሩም ቁጥጥር ነው። ግን በደንብ የሚጠቅመው የጎደለበትን ለሚናገር፣ ያመመውን ለሚያሳይ፣ በእንግሊዝኛ ለሚከራከር ሰው ነው። የእኛ አዛውንቶች እንዴት አደሩ ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ነው የኖሩት፤ ቁስል ላይ ተኝተውም ይህንኑ ይላሉ። ሐኪም ማስቸገር፣ ነርስ ደጋግሞ መጥራት፣ ልጅ ማስጨነቅ ነውር ነው። ስለዚህ ምርመራው በእናንተ ትከሻ ላይ ነው።

በቅድሚያ ሥርዓቱን እንወቀው። የቆመው እ.ኤ.አ. በ1987 በወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግ ላይ ነው፤ ከሜዲኬር (የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) ወይም ከሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ የመንግሥት ጤና መድን) ገንዘብ የሚቀበል ቤት ሁሉ ይገዛበታል። የስቴቱ መርማሪዎች ሳያስታውቁ ይመጣሉ፣ በሁለት መደበኛ ምርመራዎች መካከልም ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። ገና በሩን ሲያልፉ ወሬው በየኮሪደሩ ይዳረሳል፦ «ስቴት መጣ!» ያን ዕለት ሠራተኛው ሙሉ ነው፣ የውኃ ጆጉ ሁሉ ተሞልቷል፣ የጥሪ መብራት ገና እንደበራ ሰው ይደርስለታል። ቀኑ ባይታወቅም ወሩ ሲቃረብ ዝግጅቱ ይጀመራል። ስለዚህ ንጹሕ ሪፖርት ያለው ቤት ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም፤ መጥፎ ሪፖርት ያለው ግን ስቴት ቆሞ እያየውም መሸሸግ ያቃተው ቤት ነው።

የተገኘው ጥፋት ከኤ እስከ ኤል በፊደል ይመደባል። ዲ፣ ኢ እና ኤፍ ጉዳት ባያደርስም ሊያደርስ የሚችል፣ ከጂ እስከ አይ ሰው የተጎዳበት፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ቅጽ 2567 የሚባለው ይህ ሪፖርት ማንንም ሳትጠይቁ ልታነቡት በምትችሉት ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ብዙ ጊዜ መግቢያው አጠገብ በጥራዝ ታገኙታላችሁ። ያለፉትን 3 ዓመታት ሪፖርቶችም ስትጠይቁ ማሳየት ግዴታቸው ነው። ሜዲኬር ድረ ገጹ ላይ ከ1 እስከ 5 ኮከብ ይሰጣል፤ ኮከቡ ግን ከምርመራ፣ ከሠራተኛ ብዛትና ከጥራት መለኪያ ተደምሮ የሚወጣ ነው። የጥራት መለኪያው በአብዛኛው ቤቱ ራሱ ሞልቶ ከሚልከው መረጃ ስለሚመጣ፣ የምርመራውን ኮከብ ለይታችሁ እዩ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አውቆም የሚያንገበግበው ነገር ላይ ደረስን። አዲስ የገባ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሙሉ ግምገማ ይደረግለታል። በዚያ ውስጥ ቢምስ የሚባል ከ15 የሚታረም አጭር የአእምሮ ፈተና አለ። ሦስት ቃላት ይነገሯቸውና ይደግማሉ፤ ይህ 3 ነጥብ ነው። ከዚያ «ዓመቱ ስንት ነው?» 3 ነጥብ፣ «ምን ወር ነው?» 2 ነጥብ፣ «ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው?» 1 ነጥብ። በመጨረሻም እነዚያኑ ሦስት ቃላት ያስታውሳሉ፤ ይህ 6 ነው። 13 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደህና፣ ከ8 እስከ 12 መካከለኛ መዳከም፣ 7 እና ከዚያ በታች ያገኘ ከባድ መዳከም ተብሎ ይመዘገባል።

አባታችን ዓመቱን ሲጠየቁ የእኛን ዓመተ ምሕረት ይናገራሉ። በፈረንጁ አቆጣጠር ሲታይ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ነው፤ በፈተናው ደንብ ደግሞ ከ5 ዓመት በላይ የሳተ ዜሮ ያገኛል። ወሩን «ጥቅምት» ቢሉ ፈታኙ የማያውቀው ቃል ነው፣ እሱም ዜሮ። ሌላውን ሁሉ ቢመልሱ እንኳ 10 አግኝተው «መካከለኛ የአእምሮ መዳከም» ተጽፎባቸው ይወጣሉ። የበዓላቱን ቀን ከነባሕረ ሐሳቡ በቃላቸው የሚያወጡ ሰው! ሦስቱ ቃላት ያለ አስተርጓሚ በእንግሊዝኛ ከተነገሯቸው ደግሞ ሌላ 9 ነጥብ አደጋ ላይ ነው።

ያ ቁጥር ፋይል ውስጥ ተኝቶ አይቀርም። «ምግቡ ይቀዘቅዝብኛል»፣ «ትናንት ማታ ሰው አልመጣም» ቢሉ፣ የተዳከመ ሰው ንግግር ተብሎ ይታለፋል። ሌሊት ተነሥተው ድምፅ አውጥተው የሚጸልዩ እናት «ትጮኻለች» ተብሎ ሊጻፍባቸው ይችላል። ከዚያ «ለማረጋጋት» በሚል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይመጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እነዚህ መድኃኒቶች የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ እ.ኤ.አ. በ2005 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። አዲስ መድኃኒት ሲጀመር ስሙን፣ ለምን እንደታዘዘና መቼ እንደሚቆም ጠይቁ። ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን በመድኃኒት ማደንዘዝ በሕግ የተከለከለ ነው፤ እምቢ ማለትም መብት ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ግን ቀድሞ መሠራት አለበት። በገቡበት ሳምንት ለሶሻል ወርከሩ (ለቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ) በጽሑፍ አሳውቁ፦ አባቴ የሚቆጥሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፣ ሰዓትም ከእናንተ በ6 ይለያል፣ ግምገማው በአማርኛ አስተርጓሚ ይደረግ። አስተርጓሚ በስልክም ይሆናል፣ ወጪው የቤቱ ነው። እናንተ አስተርጓሚ አትሁኑ፤ ልጅ ሲያስተረጉም «እማዬ፣ እንዲህ በይ» ማለቱ አይቀርምና ፈተናው ዋጋ ያጣል። አስተርጓሚው የአቆጣጠሩን ልዩነት ለፈታኙ እንዲነግረው አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ክፍላቸው ውስጥም ሁለቱንም ካላንደር ስቀሉ። አንዴ ዝቅ ብሎ ከተጻፈም ግምገማው በየ3 ወሩ ስለሚታደስ ማስተካከል ይቻላል።

ቀጥሎ ገላቸው። ይሉኝታችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳን እዚህ ነው። ወንድ ልጅ የእናቱን ልብስ ገልጦ አያይም፣ ሴት ልጅም የአባቷን። ይገባል። ግን የአልጋ ቁስል የሚጀምረው ሰው በማያየው ቦታ ነው፦ ተረከዝ፣ የወገብ መጨረሻ አጥንት፣ ዳሌ፣ ክርን። የሚያፍር ልጅ ተረከዙን ራሱ ይይ፤ ለሌላው ቦታ ነርሷን «ቆዳቸውን ስታዩ ልገኝ» ብሎ ወይም በጾታ የሚመሳሰል ዘመድ ልኮ ያሳይ።

በነጭ ቆዳ ላይ የመጀመሪያው ደረጃ በቀላሉ ይለያል፤ የቀላው ቦታ በጣት ሲጫኑት አይነጣም። በጥቁር ቆዳ ላይ ይህ ምልክት ላይታይ ስለሚችል፣ የእኛ አዛውንቶች ቁስል ከተከፈተ በኋላ ነው የሚታወቅላቸው። ስለዚህ በዓይን ብቻ አትመኑ። በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፦ ከአካባቢው ይልቅ ሞቋል ወይስ ቀዝቅዟል? ጠንክሯል ወይስ ረግቧል? ሲነካ ያማቸዋል? መልኩ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ወደ ሰማያዊ ጠቁሯል? ከእነዚህ አንዱ ካለ በዚያው ሰዓት ነርስ ጥሩ፣ ቻርት ላይ መጻፉንም አረጋግጡ። ቅባት ይዞ ማሸት የእኛ ፍቅር ነው፣ ግን አጥንት ላይ ያለን የተጎዳ ቆዳ ማሸት ውስጡን ይበልጥ ይጎዳዋል። ቀለበት የሚመስለው መሃሉ ክፍት ትራስም ዙሪያውን ደም ስለሚያግድ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከባታቸው ሥር ትራስ አድርጎ ተረከዙ አልጋውን እንዳይነካ ማድረግ ነው። ራሱን መገልበጥ የማይችል ሰው አልጋ ላይ በተለመደው አሠራር በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ዊልቸር ላይ ደግሞ በየሰዓቱ ክብደቱ ይዛወርለታል። ስትገቡ በግራ ጎናቸው ተኝተው ካገኛችኋቸው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ እንደገና እዩ። ወረቀቱ ላይ ተገላብጠዋል ቢል፣ ትራሱ ግን ካልተነካ፣ ማን ትክክል እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ክብደታቸውን በየወሩ ጠይቁ። በአንድ ወር 5 በመቶ፣ በ3 ወር 7.5 በመቶ፣ በ6 ወር 10 በመቶ መቀነስ ዝም የማይባል ነው፤ 60 ኪሎ ለነበሩ እናት በአንድ ወር 3 ኪሎ ማለት ነው። በእኛ ሰዎች ላይ አንዱ ምክንያት ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም ሁዳዴ ሲመጣ ትሪው ሳይነካ ይመለሳል፣ ሠራተኛው «እምቢ አለች» ብሎ ይመዘግባል፣ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ደንቡ የምግብ ዝርዝሩ የነዋሪዎችን ሃይማኖትና ባህል እንዲያስብ ያዛል። የጾም ቀናቱን ዝርዝር ለምግብ ባለሙያዋ ስጡ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽንብራ እንዲተካ ጠይቁ። ፕሮቲን ያነሰው ቁስል አይድንም። ለሙስሊም ወላጅም የሐላል ሥጋውና በረመዳን የመድኃኒት ሰዓቱ ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ውስጥ ይግባ።

ጉርሻን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። ስትሮክ ያገኛቸው ወይም የመርሳት ሕመም የጸናባቸው ብዙዎች መዋጥ ይቸግራቸዋል፤ ምግባቸው ተፈጭቶ፣ ውኃቸው ወፍሮ የሚሰጠው ለዚህ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ ተሰብስቦ «አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!» ብሎ የሚያጎርሰው እንጀራ ሳንባቸው ገብቶ ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ሊያመጣ፣ ሊያንቃቸውም ይችላል። ከማጉረስ በፊት ነርሷን ጠይቁ። ከተፈቀደም ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ትንሽ በትንሽ ስጡ፣ ከበሉ በኋላም ለ30 ደቂቃ ያህል አታስተኟቸው።

ሠራተኛ መቁጠርም ተማሩ። የዕለቱ የነርሶችና የሲኤንኤዎች (የረዳት ነርሶች) ቁጥርና የሥራ ሰዓት፣ ከነዋሪው ብዛት ጋር በግልጽ ቦታ መለጠፍ አለበት። አንድ ሲኤንኤ 8 ሰው ከያዘች፣ ከ8 ሰዓት ሥራዋ የምሳ ግማሽ ሰዓት ሲቀነስ ለአንድ ሰው 56 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። 15 ሰው ከያዘች 30 ደቂቃ ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት፣ ዳይፐር መቀየር፣ መጻፍ ሁሉ በዚያ ውስጥ። እ.ኤ.አ. በ2024 በነዋሪ የሰዓት መጠን የሚወስን የፌዴራል ደንብ ወጥቶ ነበር፣ በ2025 ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ በቅዳሜና እሑድ፣ በእራት ሰዓትና በሺፍት ቅያሪ፣ ብዙ ቦታ ከቀኑ 9 ሰዓት ወይም ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ፣ ሂዱና ራሳችሁ እዩ። ነዋሪው እስከፈለገ ድረስ ለቅርብ ቤተሰብ በሩ በማንኛውም ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። ቅሬታ ሲኖር መጀመሪያ ለነርሷ፣ ቀጥሎ ለነርሶች ኃላፊ፣ ካልሆነ በየስቴቱ ላለው ኦምቡድስማን (የነዋሪዎችን ቅሬታ ተቀብሎ የሚከራከርላቸው) በነጻ፣ ከዚያም ለስቴቱ መርማሪዎች ይቀርባል። ቀንና ሰዓት ያለው አቤቱታ ይሰማል፤ «አያዩዋቸውም» የሚለው ብቻውን የትም አይደርስም።

ስታስገቧቸው የሚሰጣችሁን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። ቤቱ እንደ መቀበያ ቅድመ ሁኔታ ልጅ ከኪሱ እንዲከፍል ዋስ ማድረግ አይችልም። «የቤተሰብ ተጠሪ» የሚለው ፊርማ በወላጅ ገንዘብ ላይ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ።

ወላጆቻችሁን ለማምጣት ግሪን ካርድ የጀመራችሁም አስቡበት። ሜዲኬር የረጅም ጊዜ የነርሲንግ ሆም ኑሮን አይከፍልም፤ ከሆስፒታል ቆይታ በኋላ ለማገገም ቢበዛ 100 ቀን ነው፣ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ የየዕለቱ ድርሻ በነዋሪው ላይ ይመጣል። እዚህ ሠርተው የማያውቁ ወላጆች ወደ ሜዲኬር በክፍያ ለመግባት እንኳ 65 ዓመት ሞልቷቸው 5 ዓመት በተከታታይ በሕጋዊ ነዋሪነት መኖር አለባቸው። «መንግሥት ይረዳል» ብሎ ቲኬት የሚቆርጥ ብዙ ነው።

ራሳችሁ መጥታችሁ በዚህ ሙያ ልትገቡ ለምታስቡ ደግሞ፦ የሲኤንኤ ሥልጠና በፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ነው፣ ብዙ ስቴቶች ይጨምሩበታል። ሥራው ክቡር ነው፣ የእኛ ልጆችም አዛውንት አክብረው በመያዝ የተመሰገኑ ናቸው። ግን ወገብ ይበላል። ሰው በሊፍት (ከአልጋ በሚያነሣ መሣሪያ) ሲነሣ ቤቱ ሁለት ሠራተኛ ካዘዘ ጓደኛችሁ እስክትመጣ ጠብቁ፣ «ብቻዬን እችላለሁ» የሚለውን ጀግንነት ተዉት። ደብል ሺፍት ላይ ደክሟችሁ ያላገላበጣችሁትን አገላበጥሁ ብላችሁ አትጻፉ። ጥቃት ከጠረጠራችሁ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ አስታውቁ፤ ሠሪው የአገራችሁ ልጅ ቢሆንም። ቸል ማለት ወይም ማጎሳቆል ተረጋግጦ በስቴቱ የሲኤንኤ መዝገብ ላይ ስማችሁ ከሰፈረ በየትኛውም ስቴት ነርሲንግ ሆም አይቀጥራችሁም።