15 ለ13

እሁድ ማታ።

የእህቴ ልጅ ዛሬ ጉልበቷ ተልጦ መጣች። ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ናት። እሁድ እሁድ እኔ ቤት ምሳ ትበላለች፣ ልብሷን ታጥባለች፣ ሲመሽ ወደ ግቢ ትመለሳለች። ዛሬ ምሳ ሰዓት አለፈ። ቡናው ተፈልቶ በረካ ደረሰ። እሷ የለችም። ስልኳም አይነሳም። ወደ አስር ሰዓት ገደማ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ካልሲዋ ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። የቀኝ ጉልበቷ ቆዳ ተገፏል።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት ደንግጬ።

«ተሸነፍን፣ ጋሼ።»

እኔ የጠየቅኳት ስለ ጉልበቷ ነበር።

ውሃ ለብ አድርጌ ቁስሉን በሳሙና እያጠብኩላት ነገሩን ነገረችኝ። መረብ ኳስ ነው፤ ከፋርማሲ ልጆች ጋር። አንድ አንድ ዙር ተሸናነፉ። ሦስተኛው ላይ 14 ለ13 እየተመሩ ሳለ ኳሷ የመረቡን ጫፍ ነካ አድርጋ በእነሱ በኩል ወደቀች። ልትደርስባት ተወረወረች። «በዚህ ነክቻታለሁ» አለችኝ፣ ሁለት ጣቶቿን አውጥታ እያሳየችኝ። «ነክቻታለሁ እኮ! ትንሽ ብትነሳልኝ ኖሮ…» ከዚያ አለቀሰች። ሳሙናው ቁስሏ ውስጥ ሲገባ ያላለቀሰች ልጅ «15 ለ13» ስትል አለቀሰች።

«ብታሸንፉ ምን ትሸለሙ ነበር?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጥያቄው ግራ እንደገባት ያስታውቃል።

«ምንም» አለች።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። በባጃጅ ግቢ በር ድረስ ሸኝቻት ተመልሻለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ያቺ «ምንም» ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች። ለምንም ነገር ጉልበቱን የሚያስልጥ ሰው የለም። የሆነ ነገር አለ። እኔም በእሷ ዕድሜ እዚሁ ጅማ ተማሪ ነበርኩ። ያንን የሆነ ነገር አውቀዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ አስቤበት ግን አላውቅም።

ሰው ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ትኩስ ደም ነው» የሚል ነው። ውሸት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሃንድአውት ላይ ተደፍቶ የዋለ የሃያ ዓመት ሰውነት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ካልሮጠ ያመዋል። ግን ትኩስ ደም ያለው የጋራዥ ልጅም አለ፣ የሰፈር ልጅም አለ። እነሱም ኳስ ይጫወታሉ። እኔ እንዳየሁት ሲሸነፉ ተሳድበው፣ ተሳስቀው ሻይ ቤት ይገባሉ። እኛ ዘንድ ግን ሽንፈት እራት አያስበላም ነበር።

መጀመሪያ የሜዳውን ነገር ልናገር። ሜዳው አንድ ነው፣ ተጫዋቹ መዓት ነው። ማታ ማታ ሦስት አራት ቡድን ጥግ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሁለት የገባበት ይወጣል። ያሸነፈ እዚያው ይቆያል። የተሸነፈ ሄዶ ከተራ ጠባቂዎቹ ኋላ ይቀመጣል። ተራው ተመልሶ እስኪደርሰው ይጨልማል፤ ወይ ይዘንባል። ይሄ ጅማ ነው። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ቀጠሮ የለውም። ስለዚህ ማሸነፍ ማለት ከክብሩ በፊት፣ መጫወት መቀጠል ማለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ የጠበቅናትን አንዲት ሰዓት በአምስት ደቂቃ ላለመነጠቅ ነበር እንደዚያ የምንሞተው። ጥግ ላይ ተቀምጦ ተራ የጠበቀ ሰው ይሄ ይገባዋል።

የእህቴ ልጅ ግጥሚያ ግን የተራ ጨዋታ አልነበረም። የዲፓርትመንት ግጥሚያ ነው፤ ዳኛ አለው፣ ቲፎዞ አለው። እዚህ ጋ ሌላ ነገር ይመጣል።

እኔ ወደ ጅማ የመጣሁት ከትምህርት ቤታችን አንደኛ ወጥቼ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀኛል። «ቀለሜው» ይሉኝ ነበር። እናቴ ገበያ ስትሄድ ሰው አስቁሞ ስለ እኔ ይጠይቃታል። ዶርም ገባሁ። ስድስት ነን። የመጀመሪያው ማታ መተዋወቅ ስንጀምር ስድስታችንም አንደኛ የወጣን ሆነን ተገኘን። ማንም ምንም አላለም። መብራቱ ጠፍቶም ግን ሁላችንም እንዳልተኛን ከትንፋሻችን ይታወቅ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያው ሚድ መጣ። 41 አገኘሁ፣ ከመቶ። ውጤቱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስም የለውም። የመታወቂያ ቁጥር ነው። በጣቴ ከላይ ወደ ታች እየወረድኩ ቁጥሬን ፈለግኩ። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሜ ከላይ ሲጠራ የኖርኩ ልጅ፣ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ቁጥር ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

በዚያው ሳምንት ለዲፓርትመንታችን ኳስ ተጫወትኩ። ተከላካይ ነበርኩ። ማልያ ስላልነበረን ነጭ ፕላስተር ቆርጠን ቲሸርታችን ጀርባ ላይ ቁጥር ለጠፍን። አንዲት የማዕዘን ምት በግንባሬ ገጭቼ አወጣሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግኩም። ከኋላዬ አንድ ሰው ስሜን ጮክ ብሎ ጠራ። ከዚያ ሁለት ሆኑ፣ ከዚያ ጥጉ ላይ የቆመው ሁሉ ስሜን ይዞ ጮኸ። በማግስቱ ካፌ ሰልፍ ላይ የማላውቀው ልጅ «አንተ የትናንቱ አይደለህ?» ብሎ ከፊቱ አስገባኝ። ጅማ ከመጣሁ ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠራው ያን ቀን ነው።

ትምህርት ላይ ልፋትህን ማንም አያየውም። ሌሊቱን ላይብረሪ ታነጋለህ፣ ከወር በኋላ በቁጥር ይለጠፋል። ሜዳ ላይ ግን የለፋኸው እዚያው፣ በዚያው ደቂቃ፣ ሰው ፊት ይታያል። ፍሬሽ እያለን በሳይኮሎጂ ኮርስ የተማርነው አንድ ነገር አለ። ኖርማን ትሪፕሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1898 እ.ኤ.አ. የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ሰዓት አወዳድሮ ነበር። ብቻቸውን ከሚነዱት ይልቅ ከሌላ ሰው ጋር የሚነዱት ይፈጥናሉ። ከዚያ ልጆችን ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ አስጠቀለላቸው፤ ግማሽ ያህሉ ጎናቸው ሌላ ልጅ ሲኖር እጃቸው ፈጠነ። ያኔ ለፈተና ሸምድጄው አለፍኩ። አሁን ሳስበው ስለ እኛ ነው የሚያወራው።

ዲፓርትመንቴን ደግሞ የመረጥኩት እኔ አልነበርኩም። በምርጫዬ ሦስተኛ ያደረግኩት ነው የደረሰኝ። ዝርዝሩ ተለጠፈ፣ ስሜ እዚያ ስር ነበር፣ አለቀ። በሁለት ወሩ ግን ለዚያ ዲፓርትመንት ጥርሴ ቢረግፍ ግድ አልነበረኝም። ሲቪሎችን፣ የሲቪል ምህንድስና ልጆችን፣ ጠላኋቸው። ለምን? ስሜ የተለጠፈው ከእነሱ ጎን ባለው ወረቀት ላይ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሄንሪ ታጅፌል የሚባል ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት የእንግሊዝ ተማሪዎችን «እናንተ የዚህን ሠዓሊ ሥዕል የወደዳችሁ ናችሁ፣ እናንተ የዚያን» ብሎ በሁለት ከፈላቸው። ማን ከማን ጋር እንደሆነ እንኳ አያውቁም። ገንዘብ አከፋፍሉ ሲባሉ ግን ለራሳቸው ወገን አደሉ። አንዳንዴም የራሳቸው ወገን ድርሻ ቢያንስም፣ ከሌላኛው መብለጡን መረጡ። በአንዲት ቃል ወገን ይፈጠራል። ከቤቱ ለወጣ፣ ማታ ማታ ናፍቆት ለሚያንቀው ልጅ ደግሞ ወገን ማለት እንጀራ ነው።

የዚህን ደጉን ጎን መናገር እፈልጋለሁ፤ ያየሁት ነውና። ቡድናችን ውስጥ የወላይታ ልጅ ነበር፣ የጎንደር፣ የአርሲ፣ የመቀሌ፣ የዚሁ የጅማ። ከተቃራኒ ቆሞ ቅልጥሜን የሚመታኝ የገዛ ሀገሬ ልጅ ነበር። በር ጠባቂያችን ኳስ ሲይዝ ምን ቋንቋ እንደሚናገር ትዝ የሚለን አልነበረም። በኋላ ግቢዎች በብሔር ምክንያት ታመሱ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ጭቃ ሜዳ ፊቴ ይመጣል፣ ሆዴ ይንሰፈሰፋል። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድም ያው ነው። ጎኔ ቆመው ከሚጨፍሩት ተማሪዎች ስንቱ ጅማን ያወቃት ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ነው! ከተማዋ ግን የእነሱ ሆናለች።

ክፉውም ጎን አለ። እሱን በራሴ እጅ ነው የሠራሁት።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ለግማሽ ፍጻሜ ከሲቪሎች ጋር ደረስን። ከእነሱ አጥቂዎች አንዱ የዶርሜ ልጅ ነው። አርባ ምንጭ ነበር የምንለው፣ በሀገሩ ስም። ከእኔ አልጋ በላይ ይተኛል። ከጨዋታው በፊት በነበረው ሳምንት አዲስ ታኬታ ተልኮለት አሮጌውን ለእኔ ሰጠኝ። ጫፉ ተሰፍቷል፣ ግራው ትንሽ ይሰፋኛል፣ ጋዜጣ ጠቅጥቄ አደረግኩት። 1 ለ0 እየመራን ነበር። ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩ ኳስ ይዞ አለፈኝ። ልደርስበት እንደማልችል አውቄያለሁ። ይህን ዛሬ መደበቅ አልፈልግም፤ ኳሷን እንደማላገኛት እያወቅኩ ነው የተንሸራተትኩት። በእሱ ታኬታ የእሱን ቁርጭምጭሚት መታሁት። ድምፁ እስካሁን ይሰማኛል።

ሁለት ልጆች አዝለው ክሊኒክ ወሰዱት። ጨዋታው እንዳለቀ በጭቃዬ ሮጥኩ። አልጋ ላይ ጋደም ብሏል። እግሩ አብጦ ጫማው በመቀስ ተቀዷል፤ ያ አዲሱ ታኬታ። ምን እንደምለው አላውቅም። ቀድሞኝ ተናገረ።

«ቅጣት ምቱ ገባ?»

«አልገባም» አልኩት። ይህን ስለው ደስ ብሎኝ ነበር። እግሩን ሰብሬው፣ ፊቱ ቆሜ፣ አልገባም ስለው ደስ ብሎኝ ነበር። ብዙ ዓመት ያሳፈረኝ ከመምታቴ ይልቅ ያቺ ደስታ ናት።

እግሩ አልተሰበረም፤ ተሰንጥቆ ነበር። ስድስት ሳምንት ምግቡን ከካፌ አመላለስኩለት፣ ደብተሩን ያዝኩለት። በፍጻሜው ደግሞ ተሸነፍን። ያኔ ከእኔ እኩል ያዘነው እሱ ነው።

ማታ በባጃጁ ውስጥ ለልጅቷ ይሄን አልነገርኳትም። የነገርኳት ሌላ ታሪክ ነው፤ እናቷ ቀን ደውላ «የላክናት ልትማር ነው እንጂ ልትንደባለል ነው እንዴ?» ብላ ተቆጥታ ስለነበር። ሮጀር ባኒስተር የሚባል የሕክምና ተማሪ ነበር፣ እንግሊዛዊ። በ1952 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር አራተኛ ወጣ። ሜዳልያ የለ፣ ምን የለ። ሕክምናውንም ሩጫውንም ያዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦክስፎርድ ውስጥ አንድ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሮጠ። ከአራት ደቂቃ በታች የሮጠ ሰው ከእሱ በፊት አልተመዘገበም ነበር።

«ከዚያ ሕክምናውን ተወው?» አለችኝ።

«አልተወም። የነርቭ ሐኪም ሆነ።»

ዝም አለች። ከዚያ ጉልበቷን በእጇ ሸፍና፣ «ቅዳሜ ከላቦራቶሪዎች ጋር አለን» አለች።

ይህን ጽፌ እዚህ ስደርስ ስልኬን አነሳሁና አርባ ምንጭ ጋ ደወልኩ። አሁን ሁለት ልጆች አሉት። ሰላምታው ሳያልቅ ነገሩን ነገርኩት፦ ጉልበቷን፣ ሁለት ጣቶቿን፣ 15 ለ13ን።

«ታሳዝናለች» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ያቺ ቅጣት ምት ግን ገብታ ነበር።»

«አልገባችም! በር ጠባቂው ይዟታል።»

«መስመር አልፋ ነው የያዛት።»

«አንተ እኮ አላየህም! አዝለው ወስደውህ ነበር።»

«ነግረውኛል» አለ። ድምፁ ውስጥ ያ የሁለተኛ ዓመት ልጅ አለ። ከኋላው ልጆቹ ሲንጫጩ ይሰማኛል። «እና ቅዳሜ ትጫወታለች?»

«ትጫወታለች።»

«ለጉልበቷ መከላከያ ግዛላት» አለኝ። «ስንት ለስንት እንደሆነ ደግሞ ማታ ደውልልኝ።»